የአውራ ጣት ቦታ

ከጎንደር ወጥቶ ወለቃ ሲወረድ፣
ከአስፋልቱ በታች፣ ከድንጋዩ ካብ ዘንድ፣
አክስቴ ትርንጎ አፈር ትወቅጣለች፤
ታቦካለች፣ ትጠፈጥፋለች፣ ሰው ትሠራለች።

ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ወገቧ የጎበጠ፣
ኦሪት የታቀፈ ቄስ፣ ጥምጥሙ ከራሱ የበለጠ፤
ሁሉን ጨርሳ ፊታቸው ላይ ስትደርስ
ዓይን አትበሳ፣ አፍንጫ አትቀልስ፤
አውራ ጣቷን ጫን ብቻ፣
ምስር የምትይዝ ጎድጓዳ፣ ባዶ መቀመጫ።

«ፊትስ?» ይላል ጎብኚ፣ ካሜራው በደረቱ።
«የኔ ድርሻ አይደለም፤ ባለቤት አለው ፊቱ።»

ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ሰንበቷ ነውና የለች፤
ጭቃዋን እርጥብ ጆንያ አልብሳ ታርፋለች።
ማክሰኞ ጋን አዝላ ስትወጣ ግን
ሴቶቹ መንገድ ይለቃሉ፤ አክብሮት እንዳይመስላችሁ፤
የልጅ ፊት በነጠላ ጫፍ ይሸፈናል፣
«ዓይኗ ይበላል» ይባላል፣
ብሯም ከመሬት ይጣልላታል።
(አያቶቿም በተራቸው «አትንኩኝ» ብለው ኖረዋል፤
የሰው እጅ የነካውን ብር በውሃ ቅል ተቀብለዋል።)

አንድ ማታ በጸሎት ቤቱ ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣
ከኢየሩሳሌም ተምሮ የተመለሰው መምህር
ያየህ፣ የምስጢር አዋቂዎቹን ነገር ሲያወራን፦
«ሰው ሲወለድ» አለን፣
«ከላይ መልክ ይለብሳል፣ እንደ ስስ ሸማ፣
በሥጋውና በነፍሱ መሀል የተሸመነ፣
የፈጣሪውን አምሳል የያዘ።
ሊሞት ሠላሳ ቀን ሲቀረው ሸማው ይገፈፋል፤
በጨረቃ ቢቆም ጥላው ራስ ያጣል።
ስሙ ጼሌም ይባላል።»

ቄስ አስረስ ከጥግ አሳላቸው፦
«ጸልመ በግዕዙ ጠቆረ ነው፤ ጽልመት ከዚያ ነው የመጣው።»
መምህሩ ዝም አለ።
ሁለት ቋንቋ፣ የአንድ እናት ልጆች፣
ርስት ሲካፈሉ
አንዱ መልክ ደረሰው፣ ለአንዱ ጨለማ ጣሉ።

«ምን ያስጨንቃችኋል?» አለች ትርንጎ፣ ጥፍሯን እየፋቀች፤
«ሸክላ በእበት ታፍኖ፣ እሳት ጠግቦ ሲወጣ፣
መልኩ የሚያምረው ሲጠቁር ነው።
ቀይ ሆኖ የቀረው
ያልበሰለው ነው።»

«ልጁን በነጠላ የሚሸፍኑትስ?» አልኩ እኔ፣ ማክሰኞ ትዝ ብሎኝ።
«የእሱን መልክ ነው የሚሸፍኑት» አለ መምህሩ፣ አንገቱን ደፍቶ።
ሳቀች፤ «ስንቴ ሸፈኑት ታዲያ!
እንግዲያስ ብርድ አይመታውም።»

ሌሊት ስነቃ ፍራሿ ላይ የለችም።
ጨረቃዋ ሙሉ፤ እሷ ከካቡ ፊት ቆማ፣
እጇን ከፍ ዝቅ፣ እጇን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች።
«አለ» አለች ስታየኝ፤ «ራሴም አለ፣ ሻሼም ሳይቀር።
ተኚ፤ ነገ አፈር እንጭናለን።»

በሐምሌ አጋማሽ ሞተች።
ሠላሳ ቀን ወደ ኋላ ቆጠርኩ፦
ክረምቱ ገብቶ ነበር፤
ጨረቃ የለ፣ ጥላ የለ፣
አንገረብ ሞልቶ ሲያጓራ ነበር ያን ሰሞን።
ስለዚህ አላውቅም።

ለለቅሶ ከመጡት አንዷ ያቺ ነጠላዋን የምትስብ ሴት ናት፤
ልጇ አድጓል፣ ፊቱ ተገልጧል።
በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም። አልሄደችም።
ልጁ ግን ዘው ብሎ ገብቶ
ከመደርደሪያው አንዱን ሸክላ አነሳና
ሌባ ጣቱን በጎድጓዳዋ አስገባ፤ ልክክ አለች።
እናቱ ምንም አላለችም።

እኔም ሞከርኩ፤ ጣቴ ወፍራም ነው።
ወደ ፀሐይ አስጠግቼ ሳየው ግን፣
ከጎድጓዳዋ ወለል፣ እንደ ማረሻ ትልም ቀጥኖ፣
የጣቷ መስመር ሁሉ፣
ዙር በዙር፣
አብሮ በስሏል።

ጎብኚው ዛሬም መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ።
«ፊት የለውም» አለ። «ደግሞ እዚህ ውስጡ ጭረት አለበት፤
ቀንሺ።»

አልቀነስኩም።